ከክፉዋ ሴትዮ አፍ

ጥር 6፣ ሰኞ

የቋንቋ አስተማሪያችን፣ ስለ ሐዘንህ መጻፍ ካቃተህ ስላየኸው ፊልም ጻፍ፣ ብቻ እጅህ ሥራ እንዳይፈታ ብለው ይህን ደብተር ሰጡኝ። እሺ። ማየት እንደሆነ አያለሁ።

የማታው ተከታታይ ድራማ አይረባም። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ማለቂያ የለውም። አንድ የሀብታም ቤት አለ፤ በቤቱ ውስጥ አንዲት ክፉ ሴትዮ አለች፤ ባሏን አሳብዳለች፣ የእንጀራ ልጇን ውርስ ነጥቃለች፣ ሰው ከደረጃ ላይ ገፍትራለች። የቀረው ሰው በሙሉ በር ሥር ቆሞ ምሥጢር ያዳምጣል። ከመካከላቸው አንዱ በሩን ዘግቶ ቀስ ብሎ ቢያወራ ኖሮ ድራማው በሦስት ቀን ያልቅ ነበር።

የሴትዮዋ ፊት የባዕድ ነው። ድምጿ ግን የእታለም ነው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ሥራዋ ለውጭ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ መስጠት ነው። ነበር። ስቱዲዮው ድምፁን የሚቀዳው ድራማው ከመተላለፉ ብዙ ሳምንት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ከቀብሩ ወዲህም፣ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ክፉዋ ሴትዮ አፏን ስትከፍት የምትወጣው እታለም ናት።

በዚያ ሰዓት እማ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ትቀመጣለች። ልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ የትኩስ ጨርቅ ሽታ ይዛ ነው የምትመጣው። አባባ ደግሞ የመግቢያው ሙዚቃ ሲጀምር ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። ቁልፍ ቀራጭ ነው። «አንድ ቁልፍ ቀርቶኛል» ይላል። በየቀኑ አንድ ቁልፍ ይቀረዋል። ልጁን መስማት ያልፈለገ አባት ምን ዓይነት አባት እንደሆነ አላውቅም።

እኔ የማየው እማ ብቻዋን እንዳትሆን ነው።

ጥር 8፣ ረቡዕ

የክፍል ጓደኛዬ በስልኩ የጦርነት ፊልም አሳየኝ። ዋናው ተዋናይ ደረቱ ላይ ያን ሁሉ ጥይት ጠጥቶ ለእናቱም፣ ለሚስቱም፣ ለጦር ጓደኞቹም በየተራ ንግግር ያደርጋል። ጓደኛዬ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ሳቅኩ፤ ተቀየመኝ። ሰው እኮ እንደዚያ አያወራም። «ውሃ ስጡኝ» ይላል። ውሃው ሲመጣም አይጠጣውም።

ጥር 11፣ ቅዳሜ

አቶ ጸጥታ ሊጠይቁን መጡ። የስቱዲዮው ድምፅ ቀጂ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸው ይህ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት «ጸጥታ!» ስለሚሉ እታለም ያወጣችላቸው ነው። እሷ ስም ያላወጣችለት ሰው የለም። ለኔ ያወጣችውን እዚህ አልጽፈውም።

ከእማ ጋር ስለ አየሩና ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ቆዩ። ስሸኛቸው በር ላይ ቆም አሉና የተቀዳው የእታለም ድምፅ ድራማው ውስጥ ሰርግ እስካለበት ክፍል ድረስ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። የካቲት አጋማሽ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለሴትዮዋ ሌላ ድምፅ ይፈለግላታል። ለእናትህ እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?

አንድ ነገር ጨመሩ። እታለም በመጨረሻዎቹ ወራት የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ትሠራ ነበር። ይብቃሽ ሲሏት፣ «ትንሽ እናስቀድም» ትላቸው ነበር።

አስታውሳለሁ። ያኔ ማታ ስትመጣ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። ፊልም እንይ ስላት እሺ ትልና ገና ከመጀመሩ ትተኛለች። አንድ ቀን ተናድጄ ትራሱን ከራሷ ሥር መንጭቄ ቴሌቪዥኑን አስጮኽኩት። ከዚያም አኮረፍኳት። ሰው ለእንዲህ ያለ ድራማ ለምን ይቸኩላል?

ጥር 15፣ ረቡዕ

ተመልካች የማያውቀውን አንድ ነገር ልጻፍ። አማርኛው አልቆ የባዕዷ ከንፈር ገና የሚንቀሳቀስበት ጊዜ አለ። ያንን ትርፍ ከንፈር በሆነ ቃል መድፈን ያስፈልጋል። «አፍ መሙላት» ይሉታል። ሌሎቹ «እሺ?» ወይም «አየህ አይደል?» እያሉ ይሞላሉ። እታለም ግን ቃል የምትወስደው ከቤታችን ነበር።

ዛሬ ክፉዋ ሴትዮ የእንጀራ ልጇን አባረረች። ዛቻዋን ጨርሳ ከንፈሯ ሲተርፍ፣ «እግርህን ለማን አበደርከው?» አለች። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አልነሣ ስል እማ የምትለኝ ነው።

እማ ወደኔ ዞረች። «ይቺ ሌባ! እኔን ነው እንዴ የምትሰርቀው?» ብላ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። መሃል ላይ ግን ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩት።

ጥር 17፣ ዓርብ

እትዬ ማዶ ከእኛ ጋር አዩ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ድራማ ሲያዩ ራሳቸውን ይረሳሉ፤ ክፉዋ ሴትዮ የባሏን መድኃኒት ስትደብቅ፣ «አንቺ እባብ! ምነው አፈር በበላሽ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። 

እማ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ይርገሟት፣ እትዬ፤ ሥራዋ ነው» አለች።

 እትዬ ማዶ ሲወጡ በሩን እስከ ዛሬ ዘግተውት በማያውቁት ቀስታ ዘጉት።

ጥር 23፣ ሐሙስ

ሒሳብ ወደቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የኬክ ውድድር አየሁ፤ ኬኩ ያዘመመበት ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ዳኞቹም አቀፉት። ለኬክ!

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ማሙሽ መጣች። እማ ሥራ ላይ ነበረች።

ማሙሽ ትልቅ ሴት ናት። ወፍራምና ረጅም ስለሆነች በራችንን ስትገባ ጎንበስ ትላለች። ግን በድራማው ውስጥ ለትንሹ ልጅ ድምፅ የምትሰጠው እሷ ስለሆነች እታለም «ማሙሽ» አለቻት፤ በዚያው ቀረ። ከስቱዲዮው ሰዎች ሁሉ ለእታለም የምትቀርባት እሷ ነበረች።

ሳትቀመጥ ነው የነገረችኝ። ክፉዋን ሴትዮ ለሷ ሊሰጧት ነው። እናቴ ካልመረቀቻት ግን አፏን አትከፍትም። ታዲያ ማታ ነይና ራስሽ ጠይቂያት ስላት ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ፊት ለፊት ብጠይቃቸው ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ውስጣቸው እየተቃጠለ 'እሺ ልጄ' ይሉኛል። ለአንተ ግን እውነቱን ይናገራሉ። አንተ ጠይቅልኝ።»

እጠይቅልሻለሁ አልኳት። አንገቷ ላይ የእታለም ሰማያዊ ሻርፕ ነበር። ቤቱን ሁሉ ስፈልገው የከረምኩት ሻርፕ ነው። ሰጥታት እንደነበር አላውቅም።

ጥር 29፣ ረቡዕ

እማ ደክሟት ነበር። ነገ እጠይቃታለሁ።

ጥር 30፣ ሐሙስ

ማሙሽ ደወለች። እማ አልፈለገችም አልኳት። «ልክ ናቸው፤ ልክ ናቸው» አለችና ዘጋች።

እማ በእርግጥም አትፈልግም። ብጠይቃት አልፈልግም ነበር የምትለው። ታዲያ መጠየቁ ምን ያደርጋል? ሐዘኗን መቀስቀስ ነው።

የዛሬው ክፍል አሰልቺ ነበር። ክፉዋ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ብቻ ተናገረች።

የካቲት 1፣ ዓርብ

አባባን ተከተልኩት። መቼም ለየትኛው በር ነው በየምሽቱ ቁልፍ የሚቀርጸው ብዬ ነው።

ወደ ሱቁ አልሄደም። ሁለት መንገድ አልፎ ፀጉር ቤት ገባ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለ። ተረኞቹ በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ድራማውን ያያሉ፤ አባባ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። እኔ ውጭ በመስታወቱ በኩል አየሁት። ክፉዋ ሴትዮ በመጣች ቁጥር ሰዎቹ ይሰድቧታል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ወደ ስክሪኑ እየቀሰረ፣ ይቺን ለኔ ቢሰጡኝ በምላጭ ነበር የምላጫት ይላል። ሁሉም ይስቃል።

አባባም ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው።

እዚያ ያሉት እንደማያውቁ ገባኝ። እሱም አልነገራቸውም። ቤት ስንመለስ፣ እሱ ከኋላዬ ነበር የመጣው፣ ያ ቁልፍ እንዴት ሆነ አልኩት። «አስቸጋሪ ቁልፍ ነው» አለኝ።

የካቲት 3፣ እሁድ

ከእታለም ጋር ግማሹን ያየነውን የነፍሰ ገዳይ ፊልም ብቻዬን ጨረስኩት። ገዳዩ ሐኪሙ ነው። ገና ሲጀምር፣ «ይሄ ሐኪም ሲስቅ ጥርሱ አይታይም፤ እሱ ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ አትክልተኛው ነው ብዬ ተወራርደን ነበር። አሸንፋለች። ስታሸንፍ አትቻልም፤ ሳምንት ሙሉ ታበሽቀኝ ነበር።

ፊልሙ ከግማሽ በኋላ ይወድቃል። ባላየው ይሻል ነበር።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ስልክ ጮኸ፤ እማ አነሣች። አቶ ጸጥታ ነበሩ። እኔ መተላለፊያው ላይ ሆኜ የሷን ብቻ ሰማሁ።

«ደህና ነን… ማን? ማሙሽ?… አልወስድም አለች?» ከዚያ ብዙ አዳመጠች። «እኔ?»



«አዎ» አለች እማ። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።»

አቶ ጸጥታ ብዙ ተናገሩ። እማ እሺ፣ እሺ እያለች ሰምታ ዘጋች። ዞር ስትል አየችኝ። እራት ቀርቧል፣ እጅህን ታጠብ ብቻ አለችኝ።

 ድራማው ሲጀምር እማ እንደ ዋዛ፣ ማሙሽ እንዴት ያለ ድምፅ አላት ብላ ጠየቀችኝ። የሕፃን አልኳት።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

አልነገርኳትም። ትምህርት ቤት ሦስት ክፍለ ጊዜ ቀርቼ ሜዳው ጥግ ተቀመጥኩ። አቶ ጸጥታ ወደኔም ደውለው ነበር። አንዲት የሬዲዮ ዜና አንባቢ ሞክረው፣ ስትዝት ነገ ዝናብ ይጥላል የምትል ነው የምትመስለው አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

እማ የአባባን ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ስድስት ቀን ስትተኩስ ሰንብታ ቤቷም ውስጥ ያው ነው። በሩ ላይ ቆሜ፣ ማሙሽን እንቢ ያልኳት እኔ ነኝ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ካውያውን አላቆመችም።

«ታዲያ ለምን 'እኔ ነኝ' አልሽ?»

«ምን ልበል? ልጄ ዋሽቶ ነው ልበላቸው?»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እማ ስትቆጣ አውቃለሁ፤ ያልፋል። ይህኛው አያልፍም። ለምን እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። ሌላ ሰው ከዚያ አፍ ከተናገረ እታለም… አልኩና መጨረስ አቃተኝ። እማ ጠበቀችኝ። አልጨረስኩትም። ሸሚዙን ገልብጣ ኮሌታውን ጀመረች።

ከዚያ ነገረችኝ። ድምፁ ሰርጉ ላይ እንደሚያልቅ ታውቃለች። የነገሯት አቶ ጸጥታ አይደሉም፤ ራሷ እታለም ናት። ሐኪሙ እንደማትድን ከነገራት ቀን ጀምሮ ነው ሥራውን ያስቀደመችው። ማሙሽንም ያለማመደቻት ራሷ ናት፤ በሻይ ሰዓት ስቱዲዮው ባዶ ሲሆን ክፉዋን ሴትዮ እያስነበበች ትሰማት ነበር። እማ ታውቅ ነበር፣ አባባም ያውቅ ነበር፣ ማሙሽም ታውቅ ነበር። ሻርፑም ያኔ የተሰጠ ነው።

እኔ ብቻ። የጨጓራ በሽታ ነው፣ በመድኃኒት ይድናል ተብዬ ነበር። እኔም አመንኩ፤ ማመን ስለተመቸኝ ይሆናል።

ለምን ለኔ ብቻ ሳይነገር ቀረ ብዬ ጮኽኩባት። እማ ካውያውን አቁማ ተቀመጠች።

«እሷ ናት ያስማለችን። 'እሱ ካወቀ ፊልሙን አያይም፣ እኔን ነው የሚያየኝ' አለች። 'አብሮኝ ፊልም የሚያይ አንድ ሰው ይትረፍልኝ' አለች።»

ሸሚዙ ላይ እጥፋቱ ቀርቶ ነበር። እማ እንደዚያ ያለ እጥፋት ትታ አታውቅም። 

አሁን ይህን ስጽፍ የማስበው ስለዚያ ትራስ ነው። የነቃችው ተቆጥታ መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ገልጣ፣ «እሺ፣ የት ደረሰ?» ነው ያለችው። እኔም አኩርፌ አልነገርኳትም።

የካቲት 10፣ እሁድ

ማሙሽ ቤት ሄድኩ። እማ አልሸኘችኝም፤ ያበላሸኸውን ራስህ አቅና አለች። ማሙሽ በሩን ስትከፍት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ያዘጋጀሁት የይቅርታ ንግግር ግማሽ ላይ ሳልደርስ አቋረጠችኝና፣ «እና መረቁኝ ወይስ አልመረቁኝም?» አለች።

መርቃሻለች አልኳት። እማ ያለችውን አደረስኩ፤ «ልጄ ካስተማረችሽ፣ የልጄ ሥራ ነው፤ አፍሽ ይጣፍጥ።»

ማሙሽ በትንሹ ልጅ ድምፅ አለቀሰች። ሳቅ መጣብኝ፤ እሷም ሳቀች። ነገ ቀረጻ ትገባለች፤ ጊዜው በጣም አጥሯል።

የካቲት 15፣ ዓርብ

የሰርጉ ክፍል።

ጭፈራው በዛ። መብራቱ፣ ቀሚሱ፣ ፈረሱ ሁሉ ከልክ በላይ ነው። እትዬ ማዶ አልመጡም፤ ሆን ብለው ነው። እማ አንድም ቃል እንዳያመልጣት ወደ ፊት ተጠግታ ተቀምጣለች።

ደራሲው ቢያውቅ ኖሮ ለእታለም የመጨረሻ የሚሆን ነገር ይጽፍላት ነበር። አያውቅም። ክፉዋ ሴትዮ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ አሳላፊውን ጠራችና፣ «ይህ ሻይ ቀዝቅዟል። ውሰደው» አለች። በቃ። ቃሉ ልክክ ብሎ ገባ፤ የተረፈ ከንፈር አልነበረም። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው በዓይኗ ብቻ ክፋት ሠራች።

የስም ዝርዝሩ ሲያልፍ ጠበቅን። የእታለም ስም በፍጥነት አለፈ። እማ ተነሥታ ልብሷን ቀየረች።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ማሙሽ ቤታችን መጣች። ብቻዋን እንዳትሰማው ብላ እማ ናት የጠራቻት። ወንበር ቀርቦላት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አባባ እንደ ልማዱ ወጥቷል። እማ እኔን፣ «ሂድና አባትህን ጥራው። ዛሬስ በሰው ቤት አይስማው» አለችኝ። የት እንደሚሄድ ታውቅ ኖሯል። በዚህ ቤት የማያውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ሮጥኩ። ፀጉር ቤቱ ስደርስ ጀምሯል። አባባ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነው፤ አጠገቡ ቆምኩ። ልጠራው አፌን ስከፍት ክፉዋ ሴትዮ ብቅ አለች፤ ተናገረች። ማሙሽ ናት። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ የትልቅ ሴት ድምፅ።

ሰዎቹ ተንጫጩ። ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነው ሰውዬ፣ ድምጿን ምን ነካት አለ። አንዱ፣ የሰርጉ ኬክ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ነው አለ። ሌላው፣ ባል አግኝታ ሥራውን ትታ ይሆናል አለ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ፤ «የድሮዋ ትሻል ነበር። እሷን ስጠላት ከልቤ ነበር። የት ሄዳ ነው?»

አባባን አየሁት። ሊመልስ አፉን ከፍቷል።  ከፍቶት ቀረ።

«ሞታለች» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። በዚህ ደብተር ውስጥ እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ቃል ነው፤ አሁን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። በአፌም ብዬው አላውቅም ነበር። አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላው ቀለለ። እህቴ ነበረች አልኩ። የሱ ልጅ ነበረች አልኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘው። ምላጩን አስቀመጠ። «አንተ ሰው» አለው አባባን፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚህ ተቀምጠህ? እኛ እንደዚያ ስንሰድባት?»

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደህና አድርጋችሁ ነበር የምትሰድቧት» አለ። «ደስ ይለኝ ነበር። ቤት ውስጥ የሚያለቅስላት ሞልቷል።»

 ባለ አረፋው ሰውዬ ከወንበሩ ተነሥቶ እስከነአረፋው የአባባን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

በመንገድ ላይ አባባ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ከባድ እጅ ነው፣ ብረት ብረት ይሸታል። ቤት ስንደርስ አላለቀም ነበር። ማሙሽ ጉልበቷን አቅፋ ወለሉ ላይ ናት፤ እማ ከኋላዋ ተቀምጣ ጀርባዋን ትደግፋታለች። አባባ ከእማ ጎን ተቀመጠ። እኔ ከማሙሽ ጎን።

ስለ ሥራዋ የምለው ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትፈራለች፤ ዛቻው ላይ ግን ትበረታለች፤ ከንፈሩንም አታሳልፍም። ጥሩ ናት። እታለምን አትመስልም። መምሰልም አልሞከረችም።

መጨረሻው ላይ ክፉዋ ሴትዮ የውርሱን ወረቀት ቀደደች። አይረባም። ወረቀት ተቀዶ ውርስ የሚሻርበት አገር የለም። እኔ ግን እዚያ ላይ ነው ያለቀስኩት፤ ሁሉም እያየኝ፣ ድምፅ አውጥቼ። ማንም ዝም በል አላለኝም። አራታችንም እስከ መጨረሻው አየነው።